ከአደጋ በኋላ እንደገና ወደ ላይ



ሰው ወደ ጠፈር መውጣቱን ይቀጥል ወይስ ይተው የሚለው ክርክር መንኰራኵር በተቃጠለ ቁጥር ይነሣል። ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ጠጋ ብለን እንመልከት።

ብዙዎቻችን ጠፈርን እጅግ ሩቅ አድርገን እንገምታለን። ወሰኑ ነው ተብሎ የተያዘው ግን 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ የመድረስ ያህል መሆኑ ነው። አውቶቡስ ሽቅብ መሄድ ቢችል ኖሮ ከምሳ በፊት በደረስን ነበር። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ሳይወድቁ ምድርን ለመዞር በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ያስፈልጋል፤ በዚህ ፍጥነት ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲነሡ ይህን ኃይል የሚሰጠው የሚነድ ነዳጅ ነው፤ ሲመለሱም ፍጥነቱ በአየር ውስጥ ወደ ታላቅ ትኩሳት ይለወጣል። እንግዲህ አደጋው ከሥራው ጠባይ የሚመጣ ነውና ፈጽሞ ሊጠፋ አይችልም።

ሆኖም የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ስንመረምር ሌላ ነገር እናገኛለን። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም አንዷ ከጠፈር ላይ ሆና ተማሪዎችን ልታስተምር የተዘጋጀችው መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ነበረች። ምክንያቱ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚደፍነው የጎማ ቀለበት በብርድ መድረቁ ነው። በዋዜማው ምሽት የፋብሪካው መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ በታች ተሞክሮ ስለማያውቅ እንዳትነሣ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራክረው ነበር። አለቆቻቸው ግን ሐሳቡን ሽረው ፈቀዱ። በሚነሡበት ሰዓት ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር።

ከአጣሪዎቹ አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ቁራጭ ጎማ በበረዶ ውሃ ነክሮ ችግሩን በሕዝብ ፊት አሳየ። ለዚህ የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ አንድ ብርጭቆ በቃው። አለቆቹ አደጋ የሚደርሰው ከ100,000 በረራ አንድ ጊዜ ነው ሲሉ፥ መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ ይሉ እንደ ነበርም ጻፈ። ፍርዱን ጊዜ ሰጠ፤ በ135 በረራ ሁለት መንኰራኵሮች ጠፉ። ሁለተኛዋ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ስትመለስ የተበታተነችው ኮሎምቢያ ናት። ስትነሣ ከታንኩ የተገነጠለ መሸፈኛ ግራ ክንፏን መትቶ ነበርና ባለሙያዎች ክንፏ ፎቶግራፍ ይነሣልን ብለው ለመኑ፤ አልተፈቀደም።

ይህን የፈረንጅ ጉዳይ ነው ብለን እንዳናልፈው፥ የእኛውን ሐዘን እናስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፥ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው ገና የ29 ዓመት፥ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አንድ መለኪያ የተሳሳተ ወሬ ሲነግረው፥ የአይሮፕላኑ ኮምፒውተር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ተጫነው። ተመሳሳይ አይሮፕላን ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን፥ ጉድለቱ ካልታረመ በአይሮፕላኖቹ ዘመን 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ሳለ በረራው አልተከለከለም። ጠፈርም ይሁን ቢሾፍቱ፥ ሥሌቱ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በአንድ መለኪያ ብቻ እንዳይታዘዝ ተደርጎ ታረመ፤ አየር መንገዳችንም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን እንደገና አበረረ። ከአዘዞ ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው ይህን ሁሉ ባያስበውም፥ የሚተማመነው «ይቁም» የሚል ባለሙያ ቢኖር እንደሚሰማ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሰው ወደ ጠፈር ይውጣ የሚለው ጥያቄ «አደጋ አለበትን?» በሚለው ብቻ አይፈታም። መሣሪያ ብቻውን ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለመሣሪያ መተው ይገባል። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የማንንም ሕይወት አላሰጋችም፤ ከእንጦጦ እየታዘዘች የእርሻንና የአካባቢን ሁኔታ ፎቶግራፍ እንድታነሣ የተሠራች ነበረች። በሌላ ወገን ደግሞ መስተዋቱ የተበላሸውን ሐብል የተባለውን ታላቅ የጠፈር መነጽር በ1986 ዓ.ም. የጠገኑት እዚያው ድረስ ሄደው ጠፈርተኞች ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሰው እጅ ገና አልተተካም።

ለሚሄዱትም ማምለጫ ሊዘጋጅላቸው ይገባል፤ ቻሌንጀር ይህ አልነበራትም። የሩሲያዋ ሶዩዝ ግን አላት። ጥቅምት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አሌክሴይ ኦቭቺኒንና ኒክ ሄግ የተሳፈሩበት ሮኬት በሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሰበር፥ ማምለጫው ክፍላቸውን ነጥሎ አስፈነጠራቸው። 93 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ደርሰው፥ ማለትም ደባርቅ ለመግባት ጥቂት ሲቀራቸው፥ ተመልሰው በካዛክስታን ሜዳ በሰላም አረፉ። ምርመራው የተጣመመች ትንሽ የብረት ዘንግ አገኘ፤ ታረመ። ሁለቱም ሰዎች መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ እኛ በቢሾፍቱው ሐዘን አራተኛ ቀን ላይ ሳለን፥ በዚያው ዓይነት ሮኬት እንደገና ተሳፍረው ወጡ።