ጀልባም ሆነ በቆሎ በተሳቢ ላይ ስለ መታሰሩ

በመኸር ወራት በአንገር ጉቲን በቆሎ የሚጭኑ ሠራተኞች ጆንያውን ከደረደሩ በኋላ ሸራ ያለብሱና ገመዱን እየጎተቱ ያጠብቃሉ። ይህን የተመለከተ አንድ ጓደኛዬ «100 ኩንታል የሚያህል ነገር ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል፤ ገመዱ ለምን አስፈለገ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የፊዚክስ ትምህርታችንን የሚነካ ስለሆነ፥ የሰጠሁትን መልስ ለመጽሔታችን አንባቢዎችም ለማስረዳት እወዳለሁ።

ኒውተን እንዳስተማረው፥ በጉዞ ላይ ያለ ነገር የሚያቆመው ኃይል ካላገኘ ጉዞውን ይቀጥላል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው መኪናው ነው እንጂ ጭነቱ አይደለም። ጭነቱን የሚይዘው ሰበቃ ነው፤ ይኸውም ጭነቱና ወለሉ ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል ማለት ነው። እርግጥ ክብደት ሲበዛ ሰበቃም ይበዛል፤ ዳሩ ግን ጭነቱን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው ልክ ስለሚጨምር «ከባድ ነውና አይነቃነቅም» ማለት አያስኬድም።

በአውሮፓ በሚሠራበት ደንብ፥ የጭነቱ መያዣ ሁሉ ተደምሮ ወደ ፊት የክብደቱን 8 አሥረኛ፥ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 5 አሥረኛ መቻል አለበት። 100 ኩንታል 10,000 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ወደ ፊት የ8,000 ኪሎ ግፊት ይታሰባል። ሰበቃው 4,000ውን ያዘ ብንል እንኳ፥ የቀረውን 4,000 የጭነቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳና ገመዱ ሊችሉት ግድ ነው። በጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ በላይ የሚያልፈው ገመድ ዋና ሥራው ጭነቱን ወደ ታች ተጭኖ ሰበቃውን ማብዛት ነው። ቀጥ ብሎ የወረደ ገመድ በሙሉ ኃይሉ ይጫናል፤ ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ሠርቶ የተንጋደደው ግን በግማሽ ኃይሉ ነው። ወለሉ አሸዋ ወይም ጭቃ ካለበት ሰበቃው ስለሚቀንስ አስቀድሞ መጥረግ ይገባል።

ባሕር በሌለበት አገራችን ጀልባ በመኪና ሲሄድ የሚያይ የለም የሚል ቢኖር፥ በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በየብስ መጓጓዟን ያስታውስ። የጀልባ ችግር ከጆንያ ይለያል። ሆዷ ክብ ስለሆነ በጠፍጣፋ ወለል ላይ አትቆምም፤ ክብደቷ በታችኛው አከርካሪዋ ላይ እንዲያርፍ፥ ጎኗም በመደገፊያ እንዲያዝ ይደረጋል። ትንሽ የሸራ ጀልባ ከሆነች ምሰሶዋ ወርዶ ለብቻው ይታሰራል። አፍንጫዋና ኋላዋ በየፊናቸው ካልተወጠሩ ቀላል ስለሆነች በየጉድጓዱ ትዘላለች። ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ጨርቅ ካልገባ ጠርዙ ገመዱን፥ ገመዱም ጀልባዋን ይበላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የሚዛኑ ነገር ነው። ክብደቱ ከተሳቢው ጎማዎች ወደ ኋላ ያጋደለ እንደሆነ፥ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ማሰሪያው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ይህን አያድነውም። በትናንሽ ተሳቢዎች ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ቢያርፍ መልካም ነው።

ከአንገር ሸለቆ ወደ ነቀምቴ ዳገቱ ሲጀምር ጭነቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጆንያውም በመንቀጥቀጡ እየተጠቀጠቀ ዝቅ ስለሚል በከተማ ሳለ የጠበቀው ገመድ ይላላል። ስለዚህ ሾፌሩ ጥቂት እንደ ሄደ ቆሞ፥ ረዳቱ ገመዱን እንደገና ይወጥረዋል።