የኪራይ ቤት ሒሳብ፦ ርካሹ ቤት የቱ ነው?

እጩ መምህራን ጓደኞቻችን እንደምታውቁት፣ ከመካከላችን ቤት ተከራይተን የምንማር ጥቂቶች አይደለንም። ቃሊቲን የመረጥንበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቦሌና የካዛንቺስ ኪራይ አይቀመስም። ስለዚህ በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት የኪራይ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ብቻ ስለሆነ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅም ይሠራዋል፤ የሚያስቸግረው ምን ከምን ጋር እንደሚደመር ማወቁ ነው።

ደላላ የሚነግረን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ቤቶች እንውሰድ (ቁጥሮቹ ለትምህርቱ ሲባል የተመረጡ ናቸው)። አንደኛው ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ፣ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል፣ በወር 4,000 ብር። ሁለተኛው ወደ ቱሉ ዲምቱ ራቅ ብሎ 3,000 ብር። ታዲያ ሁለተኛው በ1,000 ብር ይረክሳል እንላለን። ነገር ግን ከዚያ እስከ መናኸሪያው ደርሶ መልስ ታክሲ 30 ብር ቢሆን፣ በወር 26 ቀን ስንመላለስ 780 ብር ይመጣል። ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን የምንገዛበትን 200 ብር እንጨምርበት፤ 980 ሆነ። የተረፈችን 20 ብር ናት! በቀን አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቢያልፍ ደግሞ በወር 26 ሰዓት ነው፤ ይኼ ስንት ምዕራፍ እንደሚያስነብብ ፈተና የደረሰበት ሰው ይንገረን። ለመጓጓዣ የቀረበ ቤት ኪራዩ ከፍ ማለቱም ከዚህ የተነሣ ነው። አከራዩ የታክሲያችንን ሒሳብ ቀድሞን ሠርቶታል።

«መብራት በጋራ ነው» የሚባለውም እንደ ቀላል መታየት የለበትም። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ይኸውም ፍጆታው በበዛ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሹ እርከን ነው። አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 50 ቢጠቀሙ፣ የጋራው ቆጣሪ 200 ይቆጥራል። ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው በርካሹ እርከን የሚቀረው ሰው በውዱ ይከፍላል።

ቀድሞ የኪራይ ነገር ሌላ መልክ ነበረው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ያላገኘ ግን ዕጣው ደባልነት ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንከራየው ከግለሰብ ስለሆነ፣ ልናውቀው የሚገባን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራይም ባሻው ጊዜ ኪራይ መጨመር አይችልም።

እንግዲህ ለ4,000 ብር ቤት «የስድስት ወር አምጡ» ብንባል 24,000 ብር ተጠየቅን ማለት ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው 8,000 ነው። «ውሉ ላይ 2,500 እንጻፍ፣ የቀረውን በእጅ» የሚልም አይጠፋም። ቤት በጠፋበት ከተማ እንቢ ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። ሆኖም በዚህ ዓይነት ውል የሁለት ወር 8,000 ብር ከፍለን፣ በወረቀት የሚታወቅልን 5,000 ብቻ ነው። ለ3,000ው ማን ይመሰክርልናል?

መምህር ለሚሆን ሰው ደግሞ የሁለት ዓመቱ ነገር በተለይ ይመለከተዋል። ወላጆች ኪራይ ተጨምሮባቸው ሰፈር ሲለቁ፣ ልጆቻቸው በዓመቱ አጋማሽ መሸኛ ይዘው ይዞራሉ። በማስተማር ልምምድ ጊዜ በስም መጥሪያው ላይ «ለቅቋል» የሚል ያላየን ማን አለ? አዲስ የመጣው ልጅ ትምህርቱን ሲስት ሰነፍ ይመስለናል እንጂ፣ ምዕራፉን የዘለለው በእቃ ማጓጓዝ ላይ ሆኖ እንደሆነ አንጠይቅም። ውሉ ቢከበር ሦስተኛ ክፍል የገባ ልጅ አራተኛንም እዚያው ይጨርሳል።

ለመፈራረም ለተዘጋጃችሁ፦ የገባችሁበት ቀን የቆጣሪው ንባብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለሦስት የምትከራዩ ከሆነ የሦስታችሁም ስም ይግባበት። አንዱ ብቻ ከፈረመ፣ እሱ ተመርቆ ክፍለ ሀገር ሲመደብ የቀሩት ሁለቱ ከባለቤቱ ጋር ውል የላቸውም።