94.5 ኩንታል የት ገባ? ጽሑፍን ወደ ቁጥር ስለመቀየር

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን ሒሳብ ስለሚያበላሽ አንድ ነገር እንማማር።

አንድ ዩኒየን የሦስት መጋዘን በቆሎ በቴሌግራም ላከልኝ፦ "120.5"፣ "86" እና "94.5 ኩንታል"። አዲሱ ገበያ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እንዳለ ኤክሴል ላይ ለጠፍኩት። ድምሩ 206.5 አለኝ፤ ለገዢውም ያንኑ ተናገርኩ። ትክክለኛው ግን 301 ነበር። "ኩንታል" የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር አንድ ሴል ውስጥ ስለገባ ኤክሴል ሁሉንም ጽሑፍ አድርጎ ያዘው፤ የድምር ቀመሩ ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ዝም ብሎ ይዘለዋል። የቀረውን ለማንሳት ሌላ መኪና ከኪሴ ከፈልኩ።

ለእኛ 4,250 ዋጋ ነው። ለኮምፒውተር ግን ወደ ቁጥር እስኪቀየር ድረስ የምልክቶች ሰልፍ ነው። ቀያሪው ማን እንደሆነ ደግሞ ልዩነት አለው፦

• የፓይተን "ፍሎት" ኮማ ሲያይ ስህተት ብሎ ይቆማል። ቢያንስ ይጮሃል።
• የሲ ቋንቋ "አቶፍ" በተለመደው አሠራሩ ኮማው ጋ ሲደርስ ያቆምና 4 ይላል። "ብር 4250" ብትሰጡት 0 ይመልሳል፤ ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም። "ስትርቶድ" የሚባለው ወንድሙ ግን የት ላይ እንዳቆመ ይጠቁማል። ፕሮግራም የምታሠሩ ይሄን ጠይቁ።

"ታዲያ ኮማውን ባጠፋውስ?" የሚል አይጠፋም። ቀስ በሉ! የጀርመን ገዢ ነጥብና ኮማን ከእኛ ገልብጦ ነው የሚጽፈው። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና የያዘ ኮንቴነር 19,200 ኪሎ ነው፤ እሱ 19.200 ይለዋል። ፍሎት ይሄንን 19.2 ብሎ ያነበዋል፣ ስህተትም አይልም። የእሱን 6,25 ዶላር ደግሞ ኮማውን ብታጠፉት 625 ይሆንላችኋል።

ስለዚህ፦
1. ቁጥሩን ለብቻው፣ መለኪያውን (ኪሎ፣ ፈረሱላ፣ ኩንታል) በሌላ ሴል ጻፉ።
2. ኤክሴል በራሱ ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ግራ የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ።
3. ከውጭ የመጣ ከሆነ ነጥቡ የሺህ ነው ወይስ የክፍልፋይ? ሳታፍሩ ጠይቁ።
4. ከተቀየረ በኋላ ከጆንያው ብዛት ጋር አመሳክሩ። 0 የሚል ዋጋ ከመጣ አትመኑት፤ የመጀመሪያውን መልእክት ተመልሳችሁ እዩ።

ዩኒየኖች፣ ይሄን መዝገብ ለሚይዙ ልጆቻችሁ አጋሩልን። መልካም ገበያ!