ቡከር ዋሽንግተንና የቱስኬጊ ትምህርት ቤት

በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው በአሜሪካ፣ በአላባማ፣ የቱስኬጊን የመምህራን ማሠልጠኛ ያቋቋመውን የቡከር ዋሽንግተንን ሕይወት ነው። ሥራው ያስመሰግናል፤ ፖለቲካው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይገባናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን በ1856 በቨርጂኒያ ከባሪያ እናት ተወለደ። በ1865 ነፃነት ሲታወጅ ቤተሰቡ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደ፤ ልጁም በጨው ማፍያና በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠራ። በ1872 ከፊሉን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ወደ ሃምፕተን ትምህርት ቤት ገባ። የመግቢያ ፈተናው አንድ ክፍል መጥረግ ነበር፤ እርሱም ሦስት ጊዜ ጠርጎ አራት ጊዜ ወለወለው።

በ1881 የቱስኬጊ ኃላፊ ሲሆን ዕድሜው 25 ነበር። የአላባማ ምክር ቤት ለደመወዝ 2,000 ዶላር በዓመት ፈቅዷል፤ መሬትና ሕንፃ ግን አልነበረም። ትምህርቱ በ30 ተማሪዎች፣ በደሳሳ ቤት ተጀመረ፤ ዝናም ሲዘንብ አንድ ተማሪ ለመምህሩ ጃንጥላ ይይዝለት ነበር። ቀጥሎ ለሕንፃ የሚሆን ጡብ ለመሥራት ተነሡ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱም ከሸፈ። ለአራተኛው ገንዘብ ስለ ታጣ ዋሽንግተን ሰዓቱን አስይዞ 15 ዶላር ተበደረ፤ አራተኛውም ተሳካ። በ1915 ሲሞት ትምህርት ቤቱ ከ100 በላይ ሕንፃዎችና 1,500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። በ1935 ኢትዮጵያን ለመርዳት የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የተማረው በዚያው ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንለፍ። ዋሽንግተን በ1895 በአትላንታ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች የመብትን ጥያቄ ለጊዜው አቆይተው በእጅ ሥራና በሀብት እንዲበረቱ መከረ። ዱ ቦይስ በ1903 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አጥብቆ ነቀፈ፤ የመምረጥ መብት የሌለው ሕዝብ ያፈራውን ሀብት ሊጠብቅ አይችልም አለ። በእርግጥም የአላባማ የ1901 ሕገ መንግሥት የጥቁሮችን ድምፅ ነጥቋል። ኋላ ከደብዳቤዎቹ እንደ ታወቀው፣ ዋሽንግተን ይህን ሕግ ለመቃወም ለተከፈተው የፍርድ ቤት ክርክር በስውር ገንዘብ ይሰጥ ነበር።

በእኛ አስተያየት ይህ ምስጢር ራሱ ለዱ ቦይስ ይመሰክራል፤ ጡብ ብቻውን መብትን እንደማያስገኝ ዋሽንግተንም ያውቅ ነበርና። ሆኖም ነቀፋችን አራተኛውን ምድጃ ሊያስረሳን አይገባም። ከመካከላችን ነገ መምህር የምንሆን ብዙዎች ነን፤ ከዋሽንግተን ትጋቱን እንውሰድ፣ እርሱ በስውር ያደረገውንም በግልጽ እንናገር።