በግቢ ውስጥ ያለ አዞ እንዴት ይያዛል?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ከአንዲት ጠጠር የተነሳ ነው። ጠጠሯን የወረወርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክበባችን ልጆች ጋር ከተማችን ያለውን የአዞ እርባታ ልናይ ሄድን። አንድ ትልቅ አዞ ከገንዳው ዳር አፉን በሰፊው ከፍቶ ተጋድሟል። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አይንቀሳቀስም። «ሞቷል እንዴ?» ተባባልን። እኔም ለማወቅ ብዬ ጠጠር ወረወርኩ። ከመቅጽበት ተፈናጥሮ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ሌሎቹም ተከትለውት ተተራመሱ። እኛ ሳቅን። የሚንከባከቧቸው ጋሼ ግን አልሳቁም። አልተቆጡኝምም። «ና» ብለው ወደ ትንንሾቹ ገንዳ ወሰዱኝና እጃቸውን ከላይ ቀስ አድርገው ዘረጉ። ጥላው ብቻ ሲያርፍባቸው ጫጩቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሮጠው አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ። «ከሥር ያለው ይታፈናል» አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በኋላ መሳቅ አልቻልኩም።

እርባታው የሚገኘው ከሲቀላ ወጣ ብሎ በአባያ ሐይቅ በኩል ነው። የተቋቋመው በ1970ዎቹ ነው። እንቁላልና ጫጩት ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ እየተሰበሰበ ይመጣና እዚያ ያድጋል። አዞዎቹ የሚረቡት በዋናነት ለቆዳቸው ነው፤ ቀበቶ፣ ቦርሳና ጫማ ይሠራበታል። ይህን ስሰማ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ነገር ግን ሐይቁ ዳር ከሚፈለፈሉት ብዙዎቹ ሳያድጉ በአርጃኖ፣ በአባ ኮዳና በትልልቅ ዓሣ ይበላሉ። ለማንኛውም፣ ዕድሜው አጭርም ይሁን ረጅም፣ በሰው እጅ እስካለ ድረስ በደንብ መያዝ አለበት።

ከእንቁላሉ እንጀምር። አንዲት እናት አዞ በአንድ ጊዜ 50 ያህል እንቁላል አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ለመፈልፈል 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ እኔን በጣም የገረመኝ ነገር አለ። የዶሮ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ እንቁላሏን ታገላብጣለች፣ አይደል? የአዞ እንቁላል ግን መገላበጥ የለበትም። ከተጣለ አንድ ቀን ገደማ ካለፈው በኋላ ፅንሱ ከላይኛው የቅርፊቱ ክፍል ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። እንቁላል የሚሰበስብ ሰው በመጀመሪያ ከላይ በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል፣ ምልክቱን ወደ ላይ እንዳደረገ ያነሳዋል፣ እንደዚያው አድርጎም ያስቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ ሙቀት ነው። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሴቶች ይሆናሉ።

ሲፈለፈል ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የማስመሪያችሁን ያህል ማለት ነው። ማስመሪያ ቢያክልም ይነክሳል! ትንሹን ለመያዝ አንድ እጅ ከጭንቅላቱ ኋላ አንገቱን፣ ሌላው እጅ የጅራቱን ሥር ይይዛል። በጅራቱ ብቻ ማንጠልጠል ክልክል ነው፤ ዞሮ ይነክሳል፣ እሱም ይጎዳል።

ትልቁ ሌላ ነገር ነው። አዞ አፉን የሚዘጋበት ጡንቻ እጅግ ኃይለኛ ሲሆን የሚከፍትበት ግን ደካማ ነው። ስለዚህ አንዴ ከተዘጋ በኋላ በገመድ ማሰር ይቻላል። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ቀላል ነው» የሚል ጎበዝ እንዳይኖር፤ አስቸጋሪው አፉ እስኪታሰር ያለው ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይሞክረውም። ልምድ ያላቸው ብዙ ሰዎች ሆነው ከርቀት በገመድ ሸምቀቆ አፉን ይይዛሉ፣ እርጥብ ጆንያ ዓይኑ ላይ ይጥላሉ። ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋጋል። አፍንጫው ግን መሸፈን የለበትም። ጅራቱም ሰው ይጥላል፤ ስለዚህ በጎኑ በኩል ተዝናንቶ የሚቆም የለም።

አሁን ወደዚያ አፉን ከፍቶ ወደተኛው አዞ ልመለስ። በሳይንስ ትምህርት እንደተማርነው አዞ ደመ በራድ ነው። ሰውነቱን የሚያሞቀው ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሲበዛበት ደግሞ ወደ ውሃ ይገባል ወይም አፉን ከፍቶ ይቀዘቅዛል። ያ አዞ አልሞተም፣ አልተቆጣምም፤ ሙቀቱን እያስተካከለ ነበር። እኔ ነኝ ያስቋረጥኩት። አፉ የታሰረ አዞም ፀሐይ ላይ የማይተወው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አፉን ከፍቶ መቀዝቀዝ አይችልማ።

ሙቀት ለምግቡም ያስፈልጋል። ከበላ በኋላ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ሥጋው ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቆያል። የአርባ ምንጭ ሙቀት እኛን ቢያማርረንም ለአዞ ጥሩ ነው። ሥጋ ብቻውን ግን አይበቃውም። ዱር ያለው አዞ ዓሣውን ከነአጥንቱ ነው የሚውጠው። አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻ የሚበላ ጫጩት ካልሲየም ያጥረውና አጥንቱ ይለሰልሳል። የተረፈ ሥጋም ውሃውን ስለሚያበላሽ መነሳት አለበት። መለየትም አለባቸው፤ ትልቁ ትንሹን ስለሚበላ ገንዳቸው በዕድሜና በመጠን ይከፈላል።

እኛስ ጎብኚዎች? የሃይላንድ ጠርሙስም ሆነ ክዳኑን አንወርውር፤ ከዋጠው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። አጥሩ ላይ አንቀመጥ። ጫጩት የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ቆዳ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ደግሞ ሰው እየመገበው አደገ ማለት ለመደ ማለት አይደለም። እንዲያውም የሰው ኮቴ ሲሰማ ምግብ መጣ ብሎ ይጠብቃል።

በጥያቄ ሣጥናችን «አዞና አሊጌተር አንድ ናቸው ወይ?» የሚል ወረቀት ስላገኘን ለእሱም ልመልስ። አንድ አይደሉም። አሊጌተር የሚኖረው በአሜሪካና በቻይና ነው፤ የእኛ ሐይቆች ውስጥ ያለው የናይል አዞ ነው። የአሊጌተር አፍ ከፊት ሰፋ ብሎ ክብ ነው፤ የእኛው ሾል ይላል። አዞ አፉን ገጥሞም ከታች በኩል 4ኛው ጥርሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፣ አሊጌተር ግን ይሸፈንለታል። ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁም ይታያችኋል።