ለእህቴ ልጅ፣ ከሐሞት ቀዶ ጥገናሽ በፊት

ልጄ፣ ትናንት «እትዬ፣ በሮቦት ነው የሚሠራልኝ፤ በእምብርቴ ብቻ ስለሚገቡ ጠባሳውም አይታይም» ስትዪኝ ደስታሽንም ፍርሃትሽንም ሰማሁት። እዚህ አሜሪካ በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ብዙ ዓመት ቆሜያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ሕመምሽን በስሙ ጥሪው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬ ነው» እያልሽ ተልባ ጠጣሽ። የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡን ከበላሽ በኋላ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ተነስቶ ትከሻሽ ድረስ የወጣው ሕመም ግን የሐሞት ነው። ቅባት ሲገባ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ጠጠር መውጫውን ከዘጋው ያ ሕመም ይነሳል። ከረጢቱ ቢወጣም ጉበትሽ ሐሞት ማመንጨቱን አይተውም።

2. ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም። ሐኪሙ ከአልጋሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሆድሽን በስክሪን እያየ መሣሪያውን በእጁ ያንቀሳቅሰዋል። የሐሞት ከረጢት በሮቦት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ቤልጂየም ውስጥ ነው፤ በእምብርት በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚገባውም የሮቦት መሣሪያ ለሐሞት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው።

3. እኔ የምፈራልሽ ለጠባሳው ሳይሆን ለቱቦው ነው። ከረጢቱን ከዋናው የሐሞት ቱቦ የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ የሚቆረጠው እሱ ነው። አካባቢው ሲቆጣና ሲያብጥ ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ዋናው በስህተት ከተቆረጠ ሌላ ከባድ ቀዶ ጥገና ይከተላል፤ መዘዙም ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። በ2023 ጃማ ሰርጀሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሜዲኬር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የታከሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ይህ ጉዳት በሮቦት ከ1,000 ሰው በ7 ያህሉ፣ ያለ ሮቦት በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚሠራው በተለመደው ላፓሮስኮፒ በ2 ያህሉ ላይ እንደደረሰ አግኝቷል። ሁለቱም ቁጥር ትንሽ ነው፤ ግን ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ ይሻላል አትበዪ።

አንድ ቀን በአንድ ቀዳዳ የጀመረ ሐኪም ድንገት እጁን አቆመ። በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ቱቦዎቹን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ አድርጎ ያበራቸዋል፤ የዚያን ቀን ግን በእብጠቱ ምክንያት አንዱን ካንዱ መለየት አልተቻለም። «ሌላ ቀዳዳ እንጨምራለን» አለ። ያቺ ሴት ሁለት ጠባሳ ይዛ በሰላም ወደ ቤቷ ሄደች። እንዲህ ያለ ሐኪም እንዲገጥምሽ እመኛለሁ።

4. ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂው፦ «በዚህ መንገድ ስንት ሰው ሠርተዋል? በደንብ ካልታየዎት ቀዳዳ ይጨምራሉ? ካስፈለገስ ሆዴን ይከፍታሉ?» አፍረሽ እንዳትተዪው። በደስታ የሚመልስልሽን ያዢ።

5. እምብርት ላይ የሚከፈተው 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በላፓሮስኮፒ ከሚበሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ወደፊት ሄርኒያ (አንጀት በሳሳው የሆድ ግድግዳ በኩል መውጣት) የመከሰቱ ዕድል ከፍ ይላል። ሐኪሙ ከባድ ዕቃ ለስንት ሳምንት እንዳታነሺ እንደሚያዝሽ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ልጅሽንም እስከዚያ ሌላ ሰው ይቀፍልሽ።

6. ስትነቂ ትከሻሽን ቢያምሽ አትደንግጪ፤ ሆድሽን ለመንፋት የገባው ጋዝ ነው፣ ቀስ እያልሽ ስትራመጂ ይለቅሻል። ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም የሆድ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

7. ሰመመን ወስደሽ መኪና አትነጂም። እኔ አደርስሻለሁ፣ እኔው እመልስሻለሁ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣልሽንም ጭምር፣ ዛሬ ማታ በወረቀት ጽፈሽ አዘጋጂልኝ።