ብርሃን የጣትን አሻራ እንዴት ያነባል?

ጣታችሁን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የታረሰ ማሳ ይመስላል። ከፍ ያለ መስመር አለ፤ በመካከሉም ዝቅ ያለ ትልም አለ። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዱ እንደ ቀለበት ይዞራል፤ አንዱ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ሌላው መንገድ ላይ ይቆረጣል ወይም ለሁለት ይከፈላል። አሻራ የምንለው ይህንን ነው። በደንብ ለማየት ከምጣድ ሥር ጥቂት ጥላሸት ወስዳችሁ አውራ ጣታችሁን ቀቡና ነጭ ወረቀት ላይ ጫን አድርጉት። ጎረቤታችሁም እንዲሁ ያድርግ። ሁለቱን ስታስተያዩ ልዩነቱን ታገኙታላችሁ።

አሻራ የሚሠራው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። ጣታችሁን ላይ ላዩን ብትቆረጡ ቁስሉ ሲድን ያው መስመር ተመልሶ ይወጣል። ጥልቅ ቁስል ግን ጠባሳ ይተዋል።

ሰው በአሻራ መጠቀም ከጀመረ ቆይቷል። በ1858 እ.ኤ.አ. ሕንድ አገር ዊልያም ሄርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም ነበር። ራጅያዳር ኮናይ የሚባል ሰው የመንገድ መሥሪያ ዕቃ ለማቅረብ ሲዋዋለው፣ ኋላ እንዳይክድ ብሎ መዳፉን ቀለም ቀብቶ በውሉ ወረቀት ላይ አሳተመው። በአገራችንም ፊደል ያልቆጠረ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ውል ይፈርም ነበር፤ ዛሬም የሚፈርም አለ። ጣት መፈረም ያሳፍር ነበር እኮ! አሁን ነገሩ ተገልብጦ፣ ትልልቅ ምሁራን ስልካቸውን ለመክፈት ቀኑን ሙሉ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ይውላሉ። ልዩነቱ ወረቀት አሻራን ይቀበላል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። ስልክ ግን ቀድሞ ከመዘገበው ጋር ያስተያያል።

መጀመሪያ ላይ በስልኮች አሻራ የሚነበበው ለብቻው በተሠራ ቁልፍ ወይም በስልኩ ጀርባ ላይ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቪቮ የተባለ የቻይና ኩባንያ አንባቢውን ከስልኩ ስክሪን ሥር ደብቆ አወጣ። ስክሪን ማለት ጽሑፍና ሥዕል የሚታይበት የስልኩ ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች ይህንኑ ይሠራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ከብዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ እንደ ትንሽ ኩራዝ በራሱ ይበራል። ጣታችሁን ስታሳርፉ ከሥሩ ያሉት ነጠብጣቦች ቦግ ይላሉ። ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ጣታችሁ ጋ ይደርሳል። ትልሙ ባለበት ቦታ በመስታወቱና በቆዳው መካከል አየር ስላለ ብርሃኑ ተንጸባርቆ በብዛት ይመለሳል። ከፍ ያለው መስመር ግን መስታወቱን ስለሚነካ ብርሃኑ ወደ ቆዳው ይገባና ብዙው እዚያው ይቀራል። የተመለሰው ብርሃን በነጠብጣቦቹ መካከል ይሾልካል፤ ባልተመረገ ግድግዳ ፀሐይ እንደሚሾልክ ማለት ነው። ከሥር የተቀመጠች ትንሽ ካሜራ ትቀበለዋለች። በሥዕሉ ላይ ትልሙ ነጣ ብሎ፣ መስመሩ ጠቆር ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ችግሩም ያለው እዚሁ ነው። ከተላከው ብርሃን ሾልኮ ካሜራዋ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ጣቱ እርጥብ ከሆነ ውኃው ትልሙን ይሞላዋል፤ ትልሙና መስመሩ አይለዩም። ጣቱ በጣም ከደረቀ ደግሞ መስመሩ መስታወቱን በደንብ አይነካም፤ በመካከል አየር ይቀራል። ጠራራ ፀሐይ ሲሆን የውጭው ብርሃን የስልኩን ብርሃን ይውጠዋል። እኛም በአንድ ስልክ ላይ ሞክረን አይተነዋል። ጣታችንን ውኃ ነክረን ስናሳርፍ አልከፈተም። ጠርገን አመድ አሸነውና አሳረፍነው፤ አሁንም አልከፈተም። አመዱን አራግፈን፣ በትንፋሻችን አሙቀን ስናሳርፈው ወዲያው ከፈተ። ትንፋሽ ውስጥ ያለችው ትንሽ እርጥበት ቆዳውን አለስልሳ ከመስታወቱ ጋር አገናኘችው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሠራተኛ እጅ ነው። እርፍ የሚጨብጥ፣ ድንጋይ የሚፈነቅል፣ ጭቃ የሚያቦካ፣ ወፍጮ የሚፈጭ እጅ መስመሩ ይፋቃል። በበጋ ይሰነጠቃል። መሣሪያው ስንጥቁን እንደ አዲስ ትልም ቆጥሮ “ይህ ሰው ሌላ ነው” ይላል። ለስላሳ ጣት የሚያነብ መሣሪያ መሥራት ያን ያህል አያስደንቅም። የመሣሪያ ጉብዝና የሚለካው በገበሬ ጣት ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ባለሙያዎቹ ለማሻሻል የሚደክሙት በብዙ በኩል ነው። በአንዲት ካሜራ ፈንታ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሌንሶችን ጎን ለጎን ደርድረው፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለችውን ቁራሽ ብቻ እንዲያይ ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት አንባቢው እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ የሚያየውም ቦታ ሊሰፋ ይችላል። ቦታው ከሰፋ ደግሞ ከተፋቀው ጎን ያልተፋቀ መስመር ይገኛል። ሌላው መንገድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕል አንስቶ፣ አንዱን በደማቅ ሌላውን በደብዛዛ ብርሃን፣ የተሻለውን መምረጥ ነው። ባለቤቱ በከፈተ ቁጥር የጣቱን ለውጥ እየተማረ መዝገቡን የሚያድስ ስልክም አለ። ብርሃንን ትተው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚጠቀሙም አሉ። የሌሊት ወፍ በጨለማ ድምፅ ልካ ሲመለስ መንገዷን እንደምታውቅ፣ ይኸኛውም የአሻራውን ከፍታና ዝቅታ በድምፅ ይለካል። ሳምሰንግ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስ 10 የተባለው ስልክ እንዲህ ያለ ነው። እርጥበትን ከብርሃን ይልቅ ይችላል፤ እንከን ግን አላጣውም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አንዳንድ የሲሊኮን መሸፈኛ ሲለብስ ያልተመዘገበ ጣትም እንደሚከፍተው ታወቀ። መሣሪያው በመሸፈኛው ላይ ያለውን ቅርጽ እንደ አሻራ ቆጥሮት ኖሯል። ኩባንያው ማስተካከያ ላከ።

ስልክ “አልከፍትም” ቢል የምሥጢር ቁጥር አለ። እህል የሚታደልበት መሣሪያ “አላውቅህም” ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕንድ አገር አድሃር በሚባል መታወቂያ ከቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በአሻራና በዓይን ተመዝግቧል። የራሽን እህል ለመውሰድ በየሱቁ መሣሪያ ላይ ጣት ማሳረፍ ሲጠየቅ፣ ጣታቸው የተፋቀ ሽማግሌዎችና የጉልበት ሠራተኞች እህል ሳያገኙ የተመለሱበት ጊዜ ነበር። መሣሪያው ከስልክ ስክሪን የተለየ ነው፤ የተፋቀ ጣት ግን ለሁለቱም ያው ነው። በአገራችን ፋይዳ ለሚባለው መታወቂያ ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን ብሌንና ፊትም ይመዘገባል። ይህ ጥሩ ነው፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይመሰክራል። ስለዚህ ምዝገባ ላይ ጣታችሁ አልነበብ ቢል ተሸማቅቃችሁ አትመለሱ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እንደገና እንዲሞከር፣ ዓይናችሁም በደንብ እንዲነሣ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቁልፍ ቢጠፋ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። በዚህ ምክንያት ደኅና ስልክ የአሻራውን ፎቶ ሳይሆን ከመስመሮቹ ያወጣውን ቁጥር በተቆለፈ ክፍል ያስቀምጣል። ጣታችሁን የምታሳርፉበትን መሣሪያ ማን እንደያዘውና ለምን እንደሆነ ሳትጠይቁ፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውንም ሳታነቡ አታሳርፉ። የተኛን ሰው ጣት አንሥቶ ስልኩን መክፈትም ይቻላል። ገንዘብ በስልክ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ለገንዘቡ ሌላ የምሥጢር ቁጥር ይኑራችሁ።

ስልክ ስታስመዘግቡ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። አንድ ጣት ብቻ አይበቃም፤ ከሁለቱም እጅ አስመዝግቡ። እርፍ የማይጨብጠው እጅ ቀለበት ጣት ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት ያነሰ የተፋቀ ነው። ስታሳርፉ መሐሉን ብቻ ሳይሆን ጫፉንና ጎኑንም አስነኩ። በበጋ ጣታችሁ ከተሰነጠቀና ስልኩ እምቢ ማለት ካበዛ የድሮውን አጥፍታችሁ እንደገና መዝግቡ። መስኩ ላይ በጠራራ ፀሐይ ከሆናችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና በጥላችሁ ውስጥ ክፈቱት።